የጀልባ ሸራ በምን ይለካል?

ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ ስለ ብስክሌት ጥርስና ስለ አቀበት ተነጋግረን ነበር። ከዚያ ወዲህ ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱ የመጣው ከባቱ፣ ማለት ከቀድሞዋ ዝዋይ ነው። ጥያቄው ከብስክሌት ጋር ባይዛመድም ለዛሬው ርእስ እርሱን መርጫለሁ፤ ለምን ቢሉ የገንዘብም፣ የባልንጀርነትም፣ የሕይወትም ነገር አለበት።

ጠያቂያችን በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የሚሠራ ወጣት ነው። እርሱና ሦስት ባልደረቦቹ የዕቁብ ገንዘባቸውን አዋጥተው፣ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የውጭ አገር ሰው 5 ሜትር ተኩል ርዝመት ያላት አሮጌ ባለ ሸራ ጀልባ ገዝተዋል። ጀልባዋ በላንጋኖ ሐይቅ ዳር ቆማለች። አካሏ ደኅና ነው፤ ሸራዎቿ ግን ፀሐይ በልቷቸው ገና ሲነኳቸው ይተረተራሉ። ስለዚህ አዲስ ሸራ ያስፈልጋል። ነገር ግን ከአራቱ አንዱ፣ «አሮጌውን ሸራ አዳማ ወስደን ለጭነት መኪና ሸራ ሰፊዎች እንስጣቸው፤ በእርሱ ልክ ይቁረጡልን» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ፣ «በእኛ አገር ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ ስለዚህ ከውጭ አገር 18 ካሬ ሜትር የሚሆን ትልቅ ሸራ እንዘዝ፤ ፍጥነትም በዚያው ይገኛል» ባይ ነው። ክርክሩ ከሻይ ቤት ጨዋታ አልፎ መኳረፍ ላይ ደርሷል። ጠያቂያችን ደብዳቤውን የሚደመድመው፣ «ያለን ገንዘብ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚበቃ ነው፤ ብንሳሳት ጀልባዋን ከመሸጥ በቀር ሌላ መንገድ የለንም» በማለት ነው።

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ሁለቱም ባልደረቦች ግማሽ እውነት ይዘዋል፤ ሁለቱም ግን መለካት የሚገባውን ነገር ስተዋል። አንደኛው የሚለካው አሮጌውን ጨርቅ ነው፤ ሁለተኛው የሚለካው ምኞቱን ነው። ሸራ ግን የሚለካው በምሰሶውና በአግዳሚው፣ በጀልባዋ ክብደትና በሐይቁ ነፋስ ነው። ይህን በቁጥር ለማሳየት እሞክራለሁ፤ ቁጥሩም ተማሪዎቻችን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከሚማሩት ሒሳብ አያልፍም።

ስለ ሸራና ስለ እኛ

ሸራ ሲባል ለብዙዎቻችን በዓይናችን የሚመጣው የጭነት መኪና ክዳን፣ የሰርግ ድንኳን ወይም የገበያ ጥላ ነው። በአዳማ ለሚኖር ሰው ይህ አያስደንቅም፤ ወደ ጅቡቲ የሚወርደውና ከዚያ የሚወጣው ጭነት ሸራ ለብሶ በከተማችን ሲያልፍ ዘወትር እናያለንና። ይሁን እንጂ የጀልባ ሸራ ለአገራችን ታሪክ ባዕድ አይደለም። የአክሱም መንግሥት መርከቦች ከአዱሊስ ወደብ እየተነሡ ቀይ ባሕርን ይሻገሩ ነበር፤ ንጉሥ ካሌብም በ6ኛው መቶ ዓመት ጦሩን ወደ ደቡብ ዓረቢያ ያሻገረው በመርከብ ነው። የጣና ታንኳ የሚሠራበት ደንገል እንኳ በሸራ ተጉዟል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1961 ዓ.ም. አትላንቲክ ውቅያኖስን ለማቋረጥ የተነሣባት «ራ» የተባለችው ጀልባ የተሠራችው ከጣና ሐይቅ በተቆረጠ ደንገል ነበር። ያቺ ጀልባ ካሰበችበት ሳትደርስ ተጎድታ ተተወች፤ በ1962 ዓ.ም. የተከተለቻት «ራ ሁለተኛ» ግን ከሞሮኮ ተነሥታ በ57 ቀን ባርቤዶስ ደረሰች።

በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ሰው ይበልጥ የለመደው መቅዘፊያና ሞተር ነው። ነፋስን በሰፊው ሥራ ላይ ያዋልነው በየብስ ነው። በአዳማ አጠገብ በሚገኘው ኮረብታ ላይ በ2004 ዓ.ም. 34፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ 102 የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ተመርቀዋል፤ የሁለቱም ጣቢያዎች ኃይል በድምሩ 204 ሜጋዋት ነው። ከሩቅ ሲዞሩ የምናያቸው እነዚያ ክንፎች የጀልባ ሸራ የቅርብ ዘመዶች ናቸው። ሁለቱም አየሩን በጎበጠ ገጽ ላይ እያሳለፉ ኃይል ያወጣሉ። ደግሞም ልብ በሉ፤ ማመንጫው ነፋሱ ሲበረታ ክንፉን መለስ አድርጎ ኃይሉን ይቀንሳል፣ ከመጠን ሲያልፍም ይቆማል እንጂ «ብዙ ነፋስ መጣልኝ» ብሎ ዝም ብሎ አይዞርም። ጥሩ ሸራም እንደዚሁ መቀነስ የሚችል መሆን አለበት። ወደዚህ ነገር ኋላ እንመለስበታለን።

አራት ርዝመቶች

አንዲት ትንሽ ጀልባ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሸራ አላት። ዋናው ሸራ በምሰሶው የኋላ ጎን ላይ ይሰቀላል፤ ግርጌውም ከምሰሶው ወደ ኋላ በተዘረጋው አግዳሚ እንጨት ላይ ይወጠራል። የፊት ሸራው ከምሰሶው ላይ ተነሥቶ እስከ ጀልባዋ አፍንጫ በሚወርደው የብረት ገመድ ላይ ይንጠለጠላል። ሁለቱም ሦስት ማዕዘን ስለ ሆኑ ስፋታቸውን ለማወቅ አራት ርዝመት ይበቃል።

አንደኛው፣ ዋናው ሸራ ከአግዳሚው ጀምሮ በምሰሶው ላይ የሚወጣበት ከፍታ ነው። ሁለተኛው፣ ከምሰሶው እስከ አግዳሚው ጫፍ ያለው ርዝመት ነው። ሦስተኛው፣ ከጀልባዋ የላይ ወለል የፊቱ ገመድ ከምሰሶው ጋር እስከሚገናኝበት ቦታ ያለው ከፍታ ነው። አራተኛው፣ ከምሰሶው ግርጌ የፊቱ ገመድ በአፍንጫዋ ላይ እስከታሰረበት ቦታ ያለው ርዝመት ነው።

ለዚህ ሥራ ምሰሶ ላይ መውጣት አያስፈልግም። ሸራውን ወደ ላይ በሚጎትተው ገመድ ጫፍ ላይ ረጅም ሜትር አስሮ መሳብና ከታች ቁጥሩን ማንበብ ነው፤ ሜትሩ ላይ እንዳይቀር ግን መልሶ የሚያወርደው ሲባጎ አብሮ ይታሰር። ሁለት ሰው በየተራ ይለካ፤ ቁጥራቸው ካልተስማማ ሦስተኛ ጊዜ ይለካ።

ጠያቂያችን አራቱን ልኮች በደብዳቤው ጽፎ ልኮልኛል፤ በዚህ ሊመሰገን ይገባዋል። በተራ ቁጥራቸው 6 ሜትር፣ 2.4 ሜትር፣ 6 ሜትርና 1.8 ሜትር ናቸው። እንግዲህ ዋናው ሸራ 6 ሲባዛ በ2.4 ለሁለት ሲካፈል 7.2 ካሬ ሜትር ይሆናል። የፊቱ ሦስት ማዕዘን ደግሞ 6 ሲባዛ በ1.8 ለሁለት ሲካፈል 5.4 ካሬ ሜትር ነው። በድምሩ 12.6 ካሬ ሜትር። ሸራ ሰፊዎች የዋናውን ሸራ የኋላ ጠርዝ ጥቂት ወደ ውጭ ስለሚያጎብጡት የእነርሱ ቁጥር ከዚህ በመጠኑ ሊበልጥ ይችላል፤ ለማመዛዘን ግን ይህ ይበቃናል።

እዚህ ላይ ፒታጎራስን ለምን እንደምንማር ለሚጠይቁኝ ተማሪዎች አንድ ነገር ላሳይ። የፊቱ ገመድ ዘንበል ብሎ ስለሚወርድ ርዝመቱ 6 ሜትር አይደለም። 6 በራሱ ሲባዛ 36፣ 1.8 በራሱ ሲባዛ 3.24፤ ድምሩ 39.24፤ የዚህ ካሬ ሥር 6.26 ሜትር ነው። የምሰሶውን ከፍታ ብቻ አይቶ «6 ሜትር» ብሎ የጻፈ ሰው 26 ሳንቲም ሜትር ስቷል ማለት ነው። በሌላ በኩል ሸራ ሲወጠር ስለሚለጠጥ፣ በላይና በታችም ማያያዣ ብረት ስለሚገባ፣ የሸራው ጠርዝ ከተለካው ቦታ ጥቂት ሳንቲም ሜትር ማጠር አለበት። ስለዚህ ለሸራ ሰፊው የሚላከው የጀልባዋ ልክ ነው፤ የሚቀነሰውን እርሱ ይቀንስ። ደንበኛውም ሰፊውም ከቀነሱ ሸራው ያጥራል፤ ሁለቱም ካልቀነሱ አይወጠርም።

ስፋቱ ለማን?

«12.6 ካሬ ሜትር ብዙ ነው ወይስ ጥቂት?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን ትርጉም የለውም፤ ለበቅሎ የሚቀል ጭነት ለአህያ ሊከብድ ይችላል። ጀልባ የምትንሳፈፈው የራሷን ክብደት የሚያህል ውኃ ገፍታ መሆኑን ከአርኪሜድስ ተምረናል። የጠያቂያችን ጀልባ ባዶዋን 440 ኪሎ ነች። አራት ሰው እያንዳንዱ 60 ኪሎ ቢሆን 240 ኪሎ፤ ስንቅና ዕቃ 20 ኪሎ፤ ድምሩ 700 ኪሎ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 1,000 ኪሎ ስለሚመዝን ጀልባዋ የምትገፋው ውኃ 0.7 ሜትር ኩብ ይሆናል። ይህን ውኃ ጎኖቹ እኩል የሆኑ ሳጥን አድርገን ብናስበው፣ የሳጥኑ ጎን 0.89 ሜትር ያህል፣ የአንዱ ገጽ ስፋትም 0.79 ካሬ ሜትር ያህል ነው።

አሁን የሸራውን ስፋት ለዚህ ገጽ እናካፍለው። 12.6 ለ0.79 ሲካፈል 16 ያህል ይደርሳል። ለጉዞና ለመዝናኛ በሚሠሩ ጀልባዎች ላይ ይህ ቁጥር ብዙውን ጊዜ ከ14 እስከ 18 ባለው መካከል ይገኛል፤ ከ20 በላይ ሲሆን ጀልባዋ ወደ እሽቅድድም ወገን ገብታለች ማለት ነው። እንግዲህ የሁለተኛው ባልደረባ 18 ካሬ ሜትር ቢሰፋ ቁጥሩ 23 ገደማ ይሆናል። ያንን የሚቆጣጠሩት የሠለጠኑ እሽቅድድመኞች ናቸው፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከቢሮ ወጥተው የሚመጡ አራት ወጣቶች አይደሉም።

የስስ አየር ነገር

ሁለተኛው ባልደረባ የፊዚክስ መጽሐፉን በደንብ ያነበበ ሰው መሆኑን አልክድም። የላንጋኖ ውኃ ከባሕር ጠለል 1,585 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል፤ የቆቃና የባቱ ሐይቆችም ወደ 1,600 ሜትር ገደማ ናቸው። በዚህ ከፍታ አየሩ በተመሳሳይ ሙቀት ላይ በባሕር ዳር ካለው 17 በመቶ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ነፋስ አንድ ዓይነት ሸራን በላንጋኖ ሲገፋ፣ በምፅዋ ወይም በጅቡቲ ከሚገፋው ኃይሉ ያንሳል። ይህ እውነት ነው።

ግን ሒሳቡን እስከ መጨረሻው እናድርሰው። የጎደለውን ኃይል በስፋት ለመተካት ሸራውን 21 በመቶ ያህል ማስፋት ያስፈልጋል። 12.6 ላይ 21 በመቶ ሲጨመር 15.2 ካሬ ሜትር ነው። እነሆ፣ የራሱ ክርክር ሙሉ በሙሉ ቢያዝለት እንኳ 18 አይደርስም። ከዚህም የሚበልጥ ምክንያት አለ። የነፋስ ኃይል የሚያድገው እንደ ፍጥነቱ ሳይሆን እንደ ፍጥነቱ ካሬ ነው። የነፋሱ ፍጥነት 10 በመቶ ብቻ ቢጨምር ኃይሉ 21 በመቶ ያድጋል፤ 1.1 በራሱ ሲባዛ 1.21 ነውና። ስለዚህ አየሩ በመሳሳቱ የጎደለውን ሁሉ ነፋሱ ትንሽ ጠንከር ሲል መልሶ ያመጣዋል። ነፋሱ በቀን ውስጥ በእጥፍ በሚለዋወጥበት ሐይቅ ላይ፣ ለከፍታው ብሎ ሸራ ማስፋት ለጧቱ ጸጥታ እያሰቡ የከሰዓቱን ነፋስ መርሳት ይሆናል።

ነፋሱን መለካት

በሐይቆቻችን ዳር የኖረ ሰው እንደሚያውቀው ጧት ውኃው ጸጥ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል። ከምክንያቶቹ አንዱ የታወቀ ነው። ፀሐይ መሬቱን ከውኃው ፈጥና ታሞቀዋለች፤ የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ከሐይቁ ላይ ያለው ቀዝቃዛ አየር ቦታውን ለመያዝ ይገሠግሣል። ጧት በለስላሳ አየር የወጣ ጀልባ ሲመለስ ሌላ ነፋስ የሚያገኘው ስለዚህ ነው።

ይህን በኪሎ እናስላ። ሒሳቡን ለማቅለል ሸራው ነፋሱን ፊት ለፊት እንደሚቀበል እናድርግ። በእኛ ከፍታ፣ በሴኮንድ 5 ሜትር የሚሄድ ነፋስ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1.25 ኪሎ ያህል ይገፋል። በሴኮንድ 10 ሜትር ሲሆን 5 ኪሎ ይደርሳል። በሴኮንድ 15 ሜትር ሲሆን ከ11 ኪሎ ያልፋል። በ12.6 ካሬ ሜትር ሸራ ላይ በተራ 16፣ 63ና 141 ኪሎ ያህል ይመጣል ማለት ነው።

ይህ ኃይል የሚያርፈው ከውኃው በላይ 3 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነው። ስለዚህ እንደ ረጅም መፈንቅል ሆኖ ጀልባዋን ወደ ጎን ያዘነብላታል። አራቱ ሰዎች ነፋሱ በሚመጣበት ጎን ከጀልባዋ መካከል 1 ሜትር ርቀው ቢቀመጡ የሚከላከሉት 240 ኪሎ በ1 ሜትር ነው። ነፋሱ በሴኮንድ 10 ሜትር ሲሆን 12.6 ካሬ ሜትሩ ሸራ 63 ሲባዛ በ3፣ ማለት 189 ያመጣል፤ ሰዎቹ ይችሉታል። 18 ካሬ ሜትር ሲሆን ግን 90 ሲባዛ በ3፣ ማለት 270 ይሆናል፤ ሰዎቹ ተሸነፉ። የጀልባዋ ቅርጽና የግርጌዋ ክብደት የሚጨምሩት መከላከያ ስላለ ነገሩ ከዚህ በመጠኑ ይሻላል፤ ሒሳቡ ግን አደጋው ከየት በኩል እንደሚመጣ በግልጥ ያሳያል። ደግሞ ከመጠን በላይ ያዘነበለች ጀልባ ፍጥነት አታገኝም፤ መሪዋ ከነፋሱ ጋር እየታገለ ውኃውን ይጎትታል። «ትልቅ ሸራ ፍጥነት ነው» የሚለው ቃል እውነትነቱ እስከ አንድ ወሰን ድረስ ብቻ ነው።

ነፋስ መለኪያ መሣሪያ የሌለው ሰው ምን ያድርግ? ቦፎርት የተባለ የእንግሊዝ የባሕር ኃይል መኰንን ስም የሚጠራበት የነፋስ ደረጃ አለ፤ በዓይን ብቻ ይሠራበታል። ቅጠልና ቀጭን ጭራሮ ሳያቋርጥ ሲነቃነቅ፣ ቀላል ባንዲራም ሲዘረጋ፣ ነፋሱ በሴኮንድ ከ3.4 እስከ 5.4 ሜትር ነው። አቧራና የወዳደቀ ወረቀት ሲያነሣ ከ5.5 እስከ 7.9 ሜትር ነው። ቅጠል ያላቸው ትንንሽ ዛፎች መወዛወዝ ሲጀምሩ ከ8 እስከ 10.7 ሜትር ደርሷል። አራቱ ባልደረቦች ከማዘዛቸው በፊት አንድ ወር ሙሉ፣ በሄዱ ቁጥር ከጧቱ በ3 ሰዓትና ከቀኑ በ9 ሰዓት ያዩትን በደብተር ይጻፉ። ደብተሩ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ከማንኛውም የሸራ ነጋዴ ምክር ግን ይበልጣል።

ሐይቁ ሲለወጥ ምክሩም ይለወጣል። የባቱ ሐይቅ እጅግ ሰፊ ሆኖ ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 9 ሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ ነፋስ ሲነሣበት ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል። የቢሾፍቱ ሐይቆች በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ ያሉ ስለ ሆኑ ነፋሱ በገደሉ ላይ እየተመታ በድንገት ከየአቅጣጫው ይመጣል። አንዲት ጀልባ ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው ብትሄድ ሸራዋ ሊበዛባት ወይም ሊያንሳት ይችላል።

የሚታጠፍ ሸራ

እንግዲህ ለጧቱም ለከሰዓቱም የሚሆን አንድ ሸራ እንዴት ይገኛል? መልሱ ማጠፍ ነው። በዋናው ሸራ ላይ ከግርጌው ትይዩ የሆነ መስመር ይሰፋል፤ በዳርና ዳር ጠንካራ የብረት ቀለበት ይገባበታል። ነፋሱ ሲበረታ ሸራው ዝቅ ተደርጎ በዚያ መስመር አግዳሚው ላይ ይታሰራል።

እዚህም የተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖች ሕግ ያገለግለናል። 6 ሜትር የነበረው ከፍታ በመጀመሪያው እጥፋት 5 ሜትር ቢሆን፣ ስፋቱ 7.2 ሲባዛ በ25 ለ36 ሲካፈል 5 ካሬ ሜትር ይሆናል። በሁለተኛው እጥፋት 4 ሜትር ቢሆን 7.2 ሲባዛ በ16 ለ36 ሲካፈል 3.2 ካሬ ሜትር ይቀራል። አንድ ሜትር ዝቅ ማድረግ ሲሶ ያህሉን እንደሚቀንስ ልብ በሉ። ለላንጋኖ ሸራ የሚያዝ ሰው ሁለት የእጥፋት መስመር ይጠይቅ፤ ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ ይህን አይተው።

የፊት ሸራ በመቶኛ ይጠራል። መቶ ማለት ከአፍንጫው ተነሥቶ ምሰሶው ዘንድ የሚያበቃ ነው፤ መቶ ሃምሳ ማለት ምሰሶውን አልፎ በዋናው ሸራ ጎን ብዙ የሚሄድ ነው። አንድ የፊት ሸራ ብቻ ለሚገዛ ሰው ከ100 እስከ 110 ያለው ይበቃዋል። ደግሞም የሁለቱ ሸራዎች ሚዛን አይረሳ፤ ዋናው ብቻ ሲያድግ ጀልባዋ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ ማዞር ትፈልጋለች፤ የፊቱ ብቻ ሲያድግ ከነፋሱ ትሸሻለች። ሁለቱም የመሪውን ሥራ ያከብዳሉ።

ጨርቁና ልብስ ሰፊው

አሁን ወደ አንደኛው ባልደረባ እንመለስ። የአዳማ ሸራ ሰፊዎች እጃቸው የተመሰገነ ነው፤ ችግሩ በእነርሱ ሳይሆን በጨርቁና በቅርጹ ላይ ነው።

የመኪና ሸራ የተሠራው ዝናብና ፀሐይ እንዲከላከል ነው፤ በአንድ ካሬ ሜትር ብዙውን ጊዜ ከ500 ግራም በላይ ይመዝናል። ለእንዲህ ያለች ጀልባ የሚሆነው የሸራ ጨርቅ ግን ከ170 እስከ 215 ግራም ያህል ነው። በ12.6 ካሬ ሜትር ላይ አንዱ 2 ኪሎ ተኩል፣ ሌላው ከ6 ኪሎ በላይ ይሆናል፤ ትርፉም ክብደት ከፍ ብሎ ምሰሶው ላይ ስለሚሰቀል ጀልባዋን ለማዘንበል ያግዛል።

ከክብደቱም በላይ የመለጠጥ ነገር አለ። ነጠላ በክሩ አቅጣጫ ቢጎትቱት ብዙ አይለጠጥም፤ በማዕዘኑ ቢጎትቱት ግን ይረዝምና ቅርጹን ያጣል። ሸራንም ነፋሱ በማዕዘን ይጎትተዋል። ስለዚህ የጀልባ ሸራ ጨርቅ እጅግ ጠበቅ ተደርጎ ይሸመናል፣ በሙጫም ይደርቃል። ዳክሮን የተባለው የፖሊስተር ጨርቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1950ዎቹ ጀምሮ የጥጥን ቦታ የወሰደው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጥጥ ይለጠጣል፣ እርጥበት ሲያገኘውም ይሻግታል። ናይሎን ጠንካራ ቢሆንም በጣም ስለሚለጠጥ ከኋላ ለሚመጣ ነፋስ ብቻ ይሆናል። በፕላስቲክ ገጽ ተለብጠው የሚሠሩት ዘመናዊ ጨርቆች ለእሽቅድድም ጥሩ ናቸው፤ ነገር ግን ይወደዳሉ፣ ዕድሜያቸውም ያጥራል። ለአራት ደመወዝተኞች የሚሻለው ዳክሮን ነው።

ደግሞ ሸራ ጠፍጣፋ ጨርቅ አይደለም። ቁራጮቹ ሲጋጠሙ ጠርዛቸው በጥቂቱ እየጎበጠ ስለሚቆረጥ፣ ሲሰፉ እንደ ወፍ ክንፍ ሆድ ያወጣሉ። ጀልባ ነፋሱ ወደሚመጣበት ገደማ ገደም ብላ መሄድ የምትችለው በዚህ ጉብጠት ነው። እንደ መኪና ክዳን ጠፍጣፋ ሆኖ የተሰፋ ሸራ ከነፋሱ ጋር ጥሩ ይሄዳል፤ መመለስ ግን ያቅተዋል። በሐይቅ ላይ መሄድ ብቻ የሚያውቅ ሸራ ምን እንደሚያስከትል ለማንም ግልጥ ነው።

አሮጌውን ሸራ ለልክ መውሰድም አያስተማምንም። ለብዙ ዓመት የተወጠረ ጨርቅ ተለጥጦ ይሆናል፤ የተጣፈ ከሆነም በጥፉ ቦታ ተሰብስቦ ይሆናል፤ ምናልባትም ከመጀመሪያው የሌላ ጀልባ ሸራ ነበረ። ይሁንና አይጣል። ከምሰሶው ጋር የሚያያዝበትን ገመድ ውፍረት፣ የቀለበቶቹን ቦታና ብዛት፣ የት የት ተፋትጎ እንደተበላ ያስተምራል። ይህ ሁሉ ተለክቶ፣ ፎቶግራፍም ተነሥቶ ከትእዛዙ ጋር ይላክ።

ፍርዱ

ለአራቱ ባልደረቦች የምመክረው ይህን ነው። በመጀመሪያ የተሠራላትን 12.6 ካሬ ሜትር ጠብቁ። ዋናው ሸራ ሁለት እጥፋት ያለው፣ የፊቱ ከ110 የማይበልጥ፣ ጨርቁ መካከለኛ ክብደት ያለው ዳክሮን ይሁን። ስፌቱ ፀሐይን በሚችል ክር፣ በተመላላሽ ስፌት ይሁን፤ ሸራ ብዙ ጊዜ የሚሞተው ከጨርቁ በፊት በክሩ ነውና። ለሸራ ሰፊው አራቱን ርዝመት፣ የጀልባዋን ክብደት፣ የሐይቁን ስምና የነፋሱን ደብተር ላኩ። ከምትከፍሉም በፊት እርሱ ያሰበውን ልክ በጽሑፍ ይመልስላችሁ፤ ከእናንተ ልክ ጋር አስተያዩት። የተቆረጠ ሸራ ወደ ሱቅ አይመለስም።

ሁለቱ የተኳረፉትም ባዶ እጃቸውን አይቀሩም። አንደኛው ወደ አዳማ ሸራ ሰፊዎች ይሂድና አዲሱ ሸራ አግዳሚው ላይ ሲጠቀለል የሚለብሰውን ክዳን ያሰፋ። የስምጥ ሸለቆ ፀሐይ ሳይለብስ የቆመ ሸራን ዕድሜ እጅግ ያሳጥራል፤ ለዚህ ሥራ ደግሞ የመኪና ሸራ ተወዳዳሪ የለውም። ሁለተኛውም ስለ ስስ አየር የተናገረው ለጧቱ ቀላል ነፋስ እውነት ስለ ሆነ፣ ወደ ፊት ዕቁቡ ሲደርስ አንድ ሰፋ ያለ ቀላል የፊት ሸራ ይጨመር፤ ነፋሱ አቧራ ማንሣት ሲጀምር ግን ወዲያው ይውረድ። ከሁሉ አስቀድሞ ግን አራት የመንሳፈፊያ ሰደርያ ይገዛ። ገንዘቡ ለሸራና ለሰደርያ የማይበቃ ከሆነ ሸራው ይቆይ።

አባቶቻችን «አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» ያሉት ስለ ልብስ ይመስለን ነበር። ለሸራም ይሠራል፤ ምናልባትም ይበልጥ ይሠራል፤ ልብስ ቢጠብ የሚያሳፍረው በየብስ ላይ ነው። የሚቀጥለው ሳምንት ዓምዳችን ስለ ኩራዝና ስለ ፀሐይ መብራት ዋጋ ይሆናል፤ በወር ለነጭ ጋዝ የምታወጡትን የምታውቁ አንባቢዎች ቁጥሩን ጽፋችሁ ላኩልኝ።